ፔጆ ትንሽ ቲክ ቲክ ይበል፣ ተዉት

ሐረርና ድሬ ውስጥ ፔጆ 404 የሚነዳ ሰው መካሪ አያጣም። ገና ኮፈኑን ስትከፍት አንዱ ይመጣና «አቦ ቫልቩ እየጮኸ ነው፣ አስጠብቀው!» ይልሃል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቫልቭ (የሲሊንደሩን ማስገቢያና ማስወጫ የሚከፍትና የሚዘጋው) ይስተካከላል እንጂ ዝም እስኪል አይጠበቅም።

እ.ኤ.አ. በ1960 ከወጣው 404 ጋር የመጣው ባለ 1618 ሲሲ ሞተር፣ በኋላ የመጡ ብዙ መኪኖች ያላቸው ዓይነት፣ የቫልቩን ክፍተት በዘይት ግፊት ራሱ የሚሞላ ታፔት የለውም። ካምሻፍቱ (ባለ ጉብታው ተሽከርካሪ ብረት) ታፔቱን ይገፋል፣ ታፔቱ ዘንጉን፣ ዘንጉ ሮከሩን (እንደ ሚዛን የሚወዛወዘውን ክንድ)፣ ሮከሩ ደግሞ ቫልቩን ይጫናል። ሮከሩና የቫልቩ ጫፍ መሃል ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ለማስገቢያው 0.10 ሚሊ ሜትር፣ ለማስወጫው 0.25። ስለዚህ ትንሽ ቲክ ቲክ ያለ ነው።

የማስወጫው ለምን በዛ? ስለሚግል። ብረት ሲግል ይረዝማል። ክፍተቱን ካጠፋህበት ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ያቅተዋል፣ የጋለው ጋዝ በጠርዙ ሾልኮ ይወጣል፣ ቫልቩ ደግሞ ሙቀቱን በደንብ የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ስለሆነ ማረፊያ ሲያጣ ይቃጠላል። በዚህ ላይ ሰው ሞልተህ ከድሬ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ስትወጣ አስበው። ድምፁ ጠፍቶልሃል፣ ጉልበቱም አብሮ ይጠፋል።

የኔው ግን እውነትም ከልክ በላይ ይጮህ ነበር። ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ቆሞ ሞተር ማዳመጥ አይሞከርም፣ የባጃጁ ጡሩምባ አንድ ጆሮህን፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ሌላውን ይይዙታል። ከጀጎል ውጪ አንድ ግቢ አስገባሁት። መካኒኩ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው። የቫልቩን ክዳን ፈትተው ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) አስነሱና ቀጭን ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) በእያንዳንዱ ሮከርና ቫልቭ መሃል እያስገቡ አዳመጡ። ዘይቱ እጃቸው ላይ ይረጫል፣ ግድም አልሰጣቸው። ሦስተኛው ሲሊንደር ማስወጫ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ቀጥ አለ፤ ፊለሩ ክፍተቱን ሲሞላው ዝም ካለ የሚጮኸው እሱ ነው ማለት ነው።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲለኩት ግን 0.25ቱ ልክክ ብሎ ገባ። ታዲያ ምን ያስጮኸዋል? ሮከሩን አውጥተው ሰጡኝ።

«ፊለሩን አትመነው ልጄ፣ በጥፍርህ ፈትሽ።»

ቫልቩን የሚነካው ፊቱ መሃሉ ጎድጉዷል። ጥፍር ይይዛል። ለካ ፊለሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጉድጓዱን ተሻግሮ ዳርና ዳሩ ላይ ነው የሚያርፈው፣ የቫልቩ ጫፍ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። እውነተኛው ክፍተት ፊለሩ ከሚያሳየው ይሰፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፊለሩን አምነህ ብታስተካክለው ድምፁ አይጠፋም፣ ዝም እስኪል ብታጠብቀው ደግሞ ቫልቩን ታቃጥላለህ።

ፊቱን ቅርጹን ሳያበላሹ በድንጋይ አለስልሰው መለሱት። ይሄ የሚያዋጣው ጉድጓዱ ጥልቀት ከሌለው ነው፤ ላዩ ላይ ያለው የጠነከረ ንብርብር ካለቀ ከስሩ ያለው ብረት ቶሎ ይበላል፣ ያኔ ሌላ ሮከር መፈለግ ይሻላል። ፊለር ስታስገባም ድምፁ ካልተለወጠ ደግሞ ችግሩ ወደ ታች ነው። ዘንጉን አውጥተህ መስታወት ላይ አንከባለው፣ ከተጣመመ ወዲያው ይታወቃል። ዘንጉ ደህና ከሆነ የታፔቱንና የካምሻፍቱን ፊት ማየት ነው፣ እሱ እንኳን ኪስም ይጎዳል።

ማስተካከያው ላይ ያለችውን ዳዶ ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፣ ስትጠብቅ ቡሎኑን አብራ ታዞረዋለች። ድሬ ያላችሁ ደግሞ ማታ አሳድሩትና በጠዋት ለኩ። በቀን የድሬ ፀሐይ ላይ የዋለ ሞተር ቀዝቃዛ አይባልም።