ሂሮሺማ ውስጥ ያየናት ምሳ ዕቃ

ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 16 የሆኑ 18 ተማሪዎችን ይዤ ወደ ጃፓን ስጓዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ የአቶሚክ ቦምብ የጣለችባት ሂሮሺማ በታሪክ መማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የነበራት ቦታ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም ነበር። እኔም ያንን አንቀጽ ለዓመታት ሳስተምር ቀኑን እንጂ ቦታውን አላውቀውም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን በከንቱ አለፈ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጉዞውን ያሰናዳልን ድርጅት በአንድ ቀን አምስት ቦታ እንድናይ መርሐ ግብር አውጥቶልን ስለነበር፣ ልጆቹ ከአውቶቡስ ወርዶ ፎቶ ከማንሳትና ተመልሶ ከመሳፈር ያለፈ ነገር አላደረጉም። ማታ ማስታወሻ ደብተራቸውን ሳገላብጥ ያገኘሁት የቦታዎችን ስም ብቻ ነው፤ እሱም የተምታታ ነበር። ስለዚህ ከቀሪው ዝርዝር ግማሹን ሰርዘን በሂሮሺማ የሰላም መናፈሻ አንድ ሙሉ ቀን ለመቆየት ወሰንን።

መናፈሻው አጠገብ ከወንዙ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1915 የተሠራ፣ ጉልላቱ አጥንቱ ብቻ የቀረ ሕንፃ ቆሟል። ዩኔስኮ በ1996 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ቦምቡ ከዚህ ሕንፃ 160 ሜትር ያህል ርቆ፣ መሬት ሳይነካ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደ ፈነዳ ስነግራቸው፣ አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ይህን ያህል ቅርብ ከነበረ እንዴት ሳይፈርስ ቀረ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አልሰጠኋትም። ጓደኞቿን ሰብስባ በደብተሯ ላይ ሕንፃውንና የፍንዳታውን ነጥብ በመስመር አገናኘች፤ ጥቂት ቆይታም ኃይሉ በጎን ሳይሆን ከአናቱ እንደ መጣበት፣ ስለዚህም የቆሙትን ግድግዳዎች ገፍቶ ሊጥላቸው እንዳልቻለ ራሷ አስረዳችን። እኔ በክፍል ውስጥ የታሪክና የፊዚክስ ትምህርት እንዲህ ሲገጣጠሙ አይቼ አላውቅም።

በሙዚየሙ ውስጥ ግን ማንም አልጠየቀም። አንዲት የምሳ ዕቃ አለች፤ ክዳኗ ተጣምሟል፣ በውስጧ የነበረው ምግብ ከስሎ ጥቁር ሆኗል። ባለቤቷ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፤ እናቱ አስከሬኑን ስታገኝ ምሳ ዕቃዋ ከሥሩ ነበረች። ቦምቡ በተጣለበት ዕለት በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች እሳት እንዳይዛመት ቤቶችን ለማፍረስ መሀል ከተማ ተሰማርተው ነበር። እስከ 1945 መጨረሻ ወደ 140,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ ቁጥሩን ይጽፉታል፣ ለፈተና ያጠኑታል። ምሳ ዕቃዋ ፊት ግን አንድ ልጅ የቦርሳውን ማንገቻ ጨብጦ ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ እኔም እንሂድ አላልኩትም።

ከዚያ ወጥተን ወደ ሕፃናቱ የሰላም ሐውልት ሄድን። ሐውልቱ በሕፃንነቷ ለቦምቡ ጨረር ተጋልጣ በ12 ዓመቷ በደም ካንሰር ያረፈችውን ሳዳኮ ሳሳኪን ለማሰብ የክፍል ጓደኞቿ ባስጀመሩት መዋጮ ተሠርቶ በ1958 የቆመ ነው። የጃፓን ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ወደዚህ ስለሚያመጡ፣ እኛም የደረስነው አንድ ቡድን፣ ሳዳኮ ታማ ሳለች ትሠራቸው እንደነበሩት፣ ከወረቀት አጥፎ የሠራቸውን ሽመላዎች ሲሰቅል ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሐውልት ያሠሩት ዕድሜያቸው ከእነሱ የማይበልጥ ልጆች መሆናቸውን ሲሰሙ የተያዩትን አልረሳውም።

በሦስተኛው ቀን አንድ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀብሎን ዋለ። በር ላይ ጫማ ቀይረን ገባን። ከምሳ በኋላ የጽዳት ሰዓት ሲደርስ የትምህርት ቤቱ ልጆች መጥረጊያና ጨርቅ ይዘው በየድርሻቸው ተበተኑ፤ መምህራኑም አብረዋቸው ያጸዱ ነበር። የእኔዎቹ መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፈው ተመለከቱ። እንዲያግዙ ላዝዛቸው ፈልጌ ነበር፤ ታገሥኩ፤ መታገሤም ደግ ሆነ። ምሳ ዕቃዋ ፊት የቆመው ልጅ ተነሥቶ ከባልዲው አንድ ጨርቅ አወጣ። ጨርቁ ውኃ ሲያንጠባጥብ ያየ አንድ ጃፓናዊ ተማሪ ቀረብ ብሎ፣ የሚግባቡበት ቋንቋ ስላልነበራቸው፣ የራሱን ጨርቅ በሁለት እጁ ጠምዝዞ አሳየው። የእኔውም እንደዚያው ጠመዘዘ። ከዚያ ጎን ለጎን ተንበርክከው፣ ጨርቁን በሁለት እጃቸው እየገፉ፣ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወለወሉት።