«ጌም እንደመጫወት ነው»

ሐዋሳ ውስጥ የሎደርና የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ እጠግናለሁ። በያጃችን ወጣት ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። አምና ድንገት ተነስቶ ባሕር ላይ ነዳጅ ከሚያወጡት ጋር ካልሠራሁ አለ። የቸገረው ምርጫው ብቻ ነበር፦ ጠላቂ ዋናተኛ ወይስ መርከብ ላይ ሆኖ የውኃ ውስጥ ሮቦት ነጂ?

መጀመሪያ ልቡ ጠላቂነቱ ላይ ነበር። «ውኃ ውስጥ ብበይድ እኮ ዶላር ነው!» ይላል። ብየዳው የሥራው ትንሹ ክፍል መሆኑን ማን ይንገረው? 50 ሜትር ካለፍክ በተራ አየር አትሠራም። ሂሊየም ያለበት ጋዝ እየተነፈስክ፣ መርከቡ ላይ ባለ፣ ግፊቱ ከጥልቁ ውኃ ጋር በተስተካከለ የብረት ክፍል ውስጥ እስከ 28 ቀን ትቆለፋለህ። ከ100 ሜትር ግፊት ለመላቀቅ ብቻ አራት አምስት ቀን ይፈጃል። ጥበቃችን ጋሼ በድሮው ባሕር ኃይል ምጽዋ ያገለገሉ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ዋና ትችላለህ?»

«እለምዳለሁ፣ ጋሼ።»

የሐዋሳ ልጅ እኮ ነው!

በዚህ መሀል አንድ ባለ ሱፍ ሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ ስለ ውጭ ሥራ ሥልጠና ሰጠ። በክፍያ ነው። ልጁ እኔንም ጎትቶ ወሰደኝ።

«ሮቦት ነጂ ኤሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጆይስቲክ መነካካት ነው» አለ ሰውየው። «ጌም እንደመጫወት ነው።»

እጄን አወጣሁ። «ሮቦቱ ሆዝ ቢፈነዳበት ማን ይጠግነዋል?»

«መካኒክ ይጠራል።»

«ከየት? መሀል ባሕር ላይ?»

አዳራሹ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ከርዕሱ ወጣህ» ብሎ ማይኩን አስነጠቀኝ። እስከ ዛሬ ያበግነኛል። የሚነዳውም የሚጠግነውም ያው ቡድን ነው። 12 ሰዓት ፈረቃ ትገባለህ፤ ሮቦቱ ሲወጣ ፓምፑን፣ ኦሪንግ የሚሉትን የማሸጊያ ጎማ፣ ጨው የበላውን ኮኔክተር የምትፈታው አንተው ነህ። ከጆይስቲኩ ይልቅ መፍቻ የምትይዝበት ቀን ሞልቷል። ርዕሱ ይኼ ካልሆነ ምንድን ነው?

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ልጁ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ቆይ፣ አንተ ሮቦቱ ይሻላል ነው የምትለው ወይስ አይሻልም?» አለኝ።

«ይሻላል እንጂ!»

«ታዲያ ሰውየውን ምን አነካካህ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ለማንኛውም ሮቦቱን መረጠ። አሁን ከብየዳው ሲወጣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ፓምፕ ይፈታል፤ የኤሌክትሪክ ሥዕል ማንበብም ጀምሯል። ምክሬን ሰምቶ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ለጋሼ ሲያወራ ሰማሁት፦ «ዋናው ነገር፣ ውኃ አይነካኝም።»

ነገርኩት። ሰሜን ባሕር ላይ ወደ ሥራው የሚኬደው በሄሊኮፕተር ነው። ከዚያ በፊት፣ ባሕር ላይ ቢወድቅ መውጣት እንድትለምድ፣ ሄሊኮፕተር መሰል ሳጥን ውስጥ አስረው ገንዳ ውስጥ ይከቱሃል። ይገለብጡሃል። ቀበቶህን ፈትተህ በመስኮት ትወጣለህ።

ጋሼ በሳቅ ፈነዱ።

«ጆይስቲክ የሚይዘውንም?» አለኝ።

«ወጥ የሚሠራውንም።»