አጥንት ሳይበሳ ጭንቅላትን ከምስሉ ጋር ማዛመድ

የአንጎል ዕጢ በቀዶ ጥገና ስናወጣ፣ መንገድ የሚያሳየን ማሽን ቀድሞ የተነሳውን ምስል ከሕመምተኛው ጭንቅላት ጋር ማዛመድ አለበት። ለትክክለኛነት ራስ ቅል ላይ የሚታሰር ብሎን እስካሁን አቻ የለውም፤ ለምስል ብቻ ሲባል ግን የሕመምተኛ አጥንት እንዲበሳ አልፈልግም። የምሠራው ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ማርከር፣ ማለትም ምስሉ ላይ በሚታይ ትንሽ ምልክት ነው። ብዙው ስህተት የሚገባው ገና ሲለጠፍ ነው።

ከ6 እስከ 8 ማርከር እለጥፋለሁ። በሒሳብ 3 ይበቃል፤ ከ3ቱ አንዱ ከወደቀ ግን ሥራው ያከትማል። በአንድ መስመር አላሰልፋቸውም፤ ግንባር፣ አናት፣ ከሁለቱም ጆሮዎች ጀርባ ተበትነው ዕጢውን መሃል ማስገባት አለባቸው። ሹሩባ ላይ የተለጠፈ ማርከር ይንሸራተታል። ስለዚህ በጉንጉኖቹ መካከል ሳንቲም የምታህል ቦታ እላጫለሁ፣ በአልኮል አጸዳለሁ፣ ሲደርቅ ለጥፌ ዙሪያውን በማይለቅ ቀለም አከባለሁ። ስታዲየም አካባቢ ምስል የተነሳች ሕመምተኛ በታክሲ ልደታ እስክትደርስ ነጠላው ማርከሩን ሊነቅለው ይችላል። የተነቀለውን መልሼ አልለጥፍም፤ ከስሌቱ አስወጣዋለሁ።

ምስሉ በ1 ሚሊሜትር ቁራጭ፣ ያለ ክፍተት፣ አፍንጫና ጆሮ ሳይቆረጥ ይነሳ። ኤምአርአይ ውስጥ ጭንቅላት የሚያስደግፈው ስፖንጅ የጆሮ ጀርባን ቆዳ እንደሚገፋ አትርሱ። በቀዶ ጥገናው ጊዜ የጭንቅላት መያዣው ችንካሮችም አጠገባቸው ያለውን ቆዳ ይስባሉ።

የፊትን ገጽታ በፖይንተር (ማሽኑ ጫፉን በሚከታተለው ዘንግ) ዳስሶ ማዛመድ ለግንባር ሥራ ጥሩ ነው፤ ለማጅራት ግን አልመክረውም። ፊት ላይ የማይታወቅ የ1 ዲግሪ መዞር 15 ሳንቲሜትር ርቆ 2.6 ሚሊሜትር ይሆናል። በደረት ሲተኛ ደግሞ የጉንጭ ቆዳ ይወርዳል።

ዋናው ትምህርት ይህ ነው፦ ማሽኑ «1.2 ሚሊሜትር» ሲል ማርከሮቹ ከምስሉ ጋር የገጠሙበትን ልክ ነው የሚናገረው፤ ዕጢው ጋ ያለውን ስህተት አይደለም። ቁጥሩን ለማሳመር ደህና ማርከር ስናስወጣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ስህተቱ ግን እዚያው ሊቀር ይችላል። እኔ ለስሌቱ ባልተጠቀምኩባቸው ነጥቦች እፈትሻለሁ፦ የአፍንጫ ሥር፣ የሁለቱ ዓይኖች ውጫዊ ጥግ፣ የጆሮ ቀዳዳ ፊት። ፖይንተሩ ቆዳውን ሳይጫን ስክሪኑ ላይ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከወጣ እንደገና እጀምራለሁ።

ሕመምተኛው በጨርቅ ከተሸፈነ በኋላ ሪፈረንሱ (ማሽኑ የጭንቅላቱን ቦታ የሚያውቅበት የታሰረ ምልክት) በክንድ ከተነካ ሁሉም ይበላሻል። ስለዚህ አጥንቱ እንደተገለጠ፣ ከሚነሳው ክፍል ውጭ 3 ትናንሽ ጉድጓድ በድሪል ነክቼ እመዘግባለሁ፤ በጠረጠርኩ ቁጥር ወደ እነሱ እመለሳለሁ። የአንጎሉ ሽፋን ተከፍቶ ፈሳሹ ሲወጣ አንጎሉ ራሱ ይሰምጣል፤ ይህንን ጉድጓዶቹ አያሳዩም።