ሎሚ የትኛውን አረፋ ይገድላል?

ሐዋሳ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና ቀምመው የሚሸጡ ሁለት ጓደኞች አሉኝ። አንዱ «አሲድ የገባበት ሳሙና አረፋው ሙት ነው» ይላል። ሌላኛዋ «ኧረ ተው፣ እኔ ሁሌ ሲትሪክ አሲድ እጨምርበታለሁ» ትላለች። ክርክሩ ማለቂያ ሲያጣ ሎሚ፣ ሽቦና የፒኤች ወረቀት (አሲድነትን የሚለካ፤ ከ7 በታች አሲድ ነው) ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ።

ሽቦውን እንደ ቀለበት ጠመዘዝኩት። የልብስ ሳሙና ፈቅፍቄ ለብ ባለ ውሃ አሟሟሁ። ፒኤቹ 10 ገደማ ነበር። ቀለበቱ ተነክሮ ሲወጣ ስስ የሳሙና ሽፋን (የአረፋ ግድግዳ ማለት ነው) ጥርት ብሎ ይወጠርበታል። ወደ መስኮቱ ብታዞሩት ቀለማት ከላይ ወደ ታች ሲንሸራተቱ ታያላችሁ። ውሃው እየወረደ ከላይ በኩል በጣም ሲሳሳ ጥቁር ይሆናል፤ ብዙም ሳይቆይ ጧ!

ከዚያ ሎሚ ጠብ ጠብ ማድረግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ለውጥ የለም። ወረቀቱ ወደ 8 ሲጠጋ ውሃው ደፈረሰ፣ ወተት መሰለ። ትንሽ ስጨምር ነጭ ፍርፋሪ ተንሳፈፈ፤ ቀለበቱም ባዶውን ወጣ። ሎሚው አቅጥኖት እንዳይሆን ብዬ በሌላ ብርጭቆ ያንኑ ያህል ንጹህ ውሃ ጨመርኩ። እዚያ ሽፋኑ ምንም አልሆነም። ይቺን ማነጻጸሪያ አትዝለሏት፤ ያለሷ ሙከራው ወሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሳሙና ሞለኪውል ቅባት የሚወድ ጭራና ኔጌቲቭ ቻርጅ የያዘ ራስ አለው። በሽፋኑ ሁለት ገጽ የተሰለፉት ራሶች ስለሚገፋፉ መሃላቸው ያለው ውሃ ቶሎ ተጨምቆ አያልቅም። አሲድ ሲመጣ ሃይድሮጅኑ ራሱ ላይ ይለጠፍና ቻርጁን ያጠፋዋል። መገፋፋቱ ይቀራል፣ ሳሙናውም ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ፋቲ አሲድ (የቅባት አሲድ) ይሆናል። ፍርፋሪው እሱ ነው። እኔን የገረመኝ ቁጥሩ ነው። መጽሐፍ ላይ የፋቲ አሲዶች ፒኬኤ (ግማሾቹ ራሶች ሃይድሮጅን የሚይዙበት ፒኤች) 5 አካባቢ ነው፤ ታዲያ ለምን 8 ላይ? ራሶቹ ተጠጋግተው ሲሰለፉ የጋራ ኔጌቲቭ ቻርጃቸው ሃይድሮጅንን ወደ ገጹ ይስባል። ስለዚህ ውሃው ገና አሲድ ሳይባል እጅ ይሰጣሉ። የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ኮስቲክ ሶዳ (ጓንት አድርጋችሁ!) ጠብ ሲደረግበት ፍርፋሪው ሟሟ፣ ሽፋኑም ተመለሰ።

ከቅባት ሳይሆን ከሰልፎኒክ አሲድ የተሠራውን ፈሳሽ ሳሙና ደግሞ ወረቀቱ 3 እስኪያሳይ ሎሚ አጠጣሁት። ንቅንቅ አላለም። የሱ ራስ ከጠንካራ አሲድ የመጣ ስለሆነ ሃይድሮጅን በቀላሉ አይቀበልም። ጓደኞቼ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ሳሙና ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ውፍረቱ የአንድ ሞለኪውል ብቻ የሆነ የፋቲ አሲድ ሽፋን ጸባዩ ተቃራኒ ነው። አሲድ ውሃ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲበዛ ወደ ውሃው ይሟሟል። የውሃ ላይ ሽፋኖችን ወጥ ቤቷ ውስጥ በቆርቆሮ ገንዳ ስትለካ የነበረችው ጀርመናዊቷ አግነስ ፖክልስ ናት፤ ሥራዋ በ1891 እ.ኤ.አ. ናቸር መጽሔት ላይ ወጣ።

ሲትሪክ አሲድ ለምትጨምሩ፦ ቅልቅላችሁ ውስጥ እንደ ልብስ ሳሙናው ከቅባት የተሠራ ሳሙና ካለ ፒኤቹን ከ9 በታች ከማውረዳችሁ በፊት በትንሽ ብርጭቆ ሞክሩት። የሰልፎኒክ ብቻ ከሆነ ግን እስከ 7 ብታወርዱት ለእጅም ይሻላል።