ከአናት በላይ ላለ ፕላኔት የሚሆን ባለሌንስ ቴሌስኮፕ

የፊት ሌንሱ 70 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ (ከሌንሱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለው ርቀት) 700 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ለጀማሪ ይበቃል። ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ካያችሁ ግን አትመኑት። ቁጥሩ የተገኘው 4 ሚሊሜትሩን የዓይን ሌንስ ሦስት እጥፍ ከሚያጎላው ባርሎ (ከዓይን ሌንሱ በፊት ከሚገባ ተጨማሪ ሌንስ) ጋር ደርቦ ነው፤ የትኩረት ርቀቱ 700 ለ4 ሲካፈል 175፣ በ3 ሲባዛ 525። ሒሳቡ ልክ ነው፣ የሚታየው ግን የጨለመ ብዥታ ነው። ይህ የፊት ሌንስ አየሩ በረጋበት ሌሊት እንኳ ከ140 እጥፍ በላይ አይሸከምም። በ25 ሚሊሜትሩ የዓይን ሌንስ (28 እጥፍ) የጁፒተር አራት ትልልቅ ጨረቃዎች፣ በ10 ሚሊሜትሩ (70 እጥፍ) የሳተርን ቀለበት ይታያሉ። ባርሎውን ሣጥኑ ውስጥ ተዉት።

ከሌንሱ ይልቅ የሚያስቸግረው መቆሚያው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ጁፒተርና ሳተርን ከፍታቸው ጫፍ ሲደርሱ ከአድማስ ከ55 ዲግሪ በላይ ይወጣሉ፤ አናት ላይ የሚቆሙበት ዘመንም አለ። ብርሃናቸው የሚያቋርጠው አየር ስለሚያንስ ምስሉ ይጠራል፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ቱቦው ወደ ላይ ሲቀና ጅራቱ ወርዶ ከትራይፖዱ ጋር ይጋጫል። ቱቦውን በሁለት ክንድ መሀል የሚይዝ መቆሚያ እስከ አናት አያደርስም፤ ከጎን በአንድ ክንድ የሚይዘው ይሻላል። ትራይፖዱን ስታቆሙም የሁለት እግሮች ክፍተት ከፕላኔቱ በተቃራኒ በኩል ይሁን፤ ጅራቱ በዚያ ያልፋል።

ኢኳቶሪያል የሚባለውን፣ በአንድ ዘንግ ዙሪያ እየዞረ የሰማዩን ዙረት የሚከተል መቆሚያ እዚህ ለጀማሪ አልመክርም። ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ መቅናት አለበት፤ ኮከቧ ደግሞ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ናት። እንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ተራራው ራሱ ሊከልላት ይችላል። ዘንጉ ያን ያህል ዝቅ ሲል ቱቦውን ለማመጣጠን በሌላው ወገን የሚንጠለጠለው የሚዛን ክብደት የትራይፖዱን እግር ይመታል።

ምስሉ ፈጽሞ አልጠራ ካለ መጀመሪያ ዲያጎናሉ (ከዓይን ሌንሱ በፊት የሚገባውና ብርሃኑን ወደ ጎን የሚያጥፈው መስታወት) መግባቱን ተመልከቱ። ያለ እሱ የፎከስ ቱቦው ተስቦ ቢያልቅም ትኩረቱ ጋ አይደርስም። የፊት ሌንሱን ጤዛ ከሸፈነው አትጥረጉት፤ ቱቦውን ወደ መሬት አዘንብላችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ።

በዓይን ሌንስ ላይ የሚጠመዘዝ የፀሐይ ማጣሪያ አብሮ ከመጣ ጣሉት። የተሰበሰበው ሙቀት ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ያን ጊዜ ዓይን በቅጽበት ይጠፋል። ፀሐይ የምትታየው የፊት ሌንሱን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን ማጣሪያ ብቻ ነው።