ካፓሲተሩ ሲገባ የተረሳው ሪሌ

ጅማ ውስጥ በአንድ የጀንፈል ቡና መቀሸሪያ የ30 ኪሎዋት ሞተር በሥራ ላይ እያለ ተቃጠለ። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሲሸት ኦፕሬተሩ ሮጦ አጠፋው። ኤሌክትሪሺያኑ ሲደርስ የሰማው የመጀመሪያ ቃል «ጋሼ፣ ኦቨርሎዱ እኮ ትሪፕ አላደረገም» የሚል ነበር። እውነቱን ነው። ኦቨርሎዱ፣ ማለትም ሞተሩ ከልኩ በላይ አምፒር ሲወስድ ኃይሉን የሚቆርጠው (ትሪፕ የሚያደርገው) ሪሌ፣ ሲፈተሽ ምንም ብልሽት አልተገኘበትም።

የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ቁጠባን በሕግ ካስቀመጠ ወዲህ የኢነርጂ ኦዲት ለፋብሪካ ባለቤቶች አዲስ ነገር አይደለም። እዚህም ኦዲት ተደርጎ ፓወር ፋክተሩ (ከመስመሩ ከሚሳበው ኃይል ውስጥ ሥራ የሚሠራው ድርሻ) ዝቅተኛ ስለሆነ በመቀሸሪያው ሞተር ላይ 10 ኪሎቫር ካፓሲተር ተጨመረ። ኪሎቫር የሪአክቲቭ ኃይል መለኪያ ነው፤ ይህም ሞተሩ ማግኔቱን ለመፍጠር የሚወስደው፣ ራሱ ግን ሥራ የማይሠራ ኃይል ነው። ምክሩም መጠኑም ትክክል ነበር። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሮጥ 22 አምፒር ይወስዳል፤ ይህ ወደ 15 ኪሎቫር ስለሚሆን 10 ኪሎቫር አይበዛበትም።

ስህተቱ የገመዱ መነሻ ላይ ነው። ካፓሲተሩ የተገናኘው ከኦቨርሎድ ሪሌው በኋላ፣ በሞተሩ በኩል ነበር። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ ከሚፈልገው ሪአክቲቭ ኃይል ከፊሉን ከካፓሲተሩ ስለሚያገኝ በሪሌው ውስጥ የሚያልፈው አምፒር ይቀንሳል። በ400 ቮልት ሙሉ ጭነት ላይ 55 የነበረው ወደ 49 ወርዷል። የሪሌው ማስተካከያ ቁልፍ ግን 55 ላይ እንደነበረ ቀረ። በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል ገብቶ ወንፊቱ ሲደፈን ሞተሩ ከአቅሙ በላይ መጎተት ጀመረ። ሪሌው 55 ሲያይ ሞተሩ ራሱ 61 አምፒር ገደማ እየወሰደ ነበር። ሪሌ ደግሞ ልክ በተሞላበት ቁጥር ላይ አይቆርጥም፣ ጥቂት ማለፍ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ሞተሩ በየቀኑ ሳይታወቅ ይግል ነበር። የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ሙቀት ከተፈቀደው በ10 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር የኢንሱሌሽኑ (የሽቦው መከላከያ ሽፋን) ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ሪሌው ወደ 49 ይወርዳል፣ ወይ የካፓሲተሩ ገመድ ከሪሌው በፊት ይነሳና 55ቱ ባለበት ይቆያል። ሁለተኛው ይሻላል፤ ካፓሲተሩ አንድ ቀን ቢበላሽ የሞተሩ ጥበቃ አይዛባም። ለካፓሲተሩ የራሱ 25 አምፒር ፊውዝና ለካፓሲተር ተብሎ የተሠራ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ያስፈልገዋል፤ ኮንታክተሩም ሞተሩ ከማስነሻው የስታር ግንኙነት ወደ መደበኛ ሥራው የዴልታ ግንኙነት ከተሻገረ በኋላ ብቻ መዝጋት አለበት።

ኦዲት የሚሠሩ ባለሙያዎች የኪሎቫሩን መጠን ብቻ ጽፈው መሄዳቸው ያሳዝናል። የሪሌው አዲስ ቁጥር እዚያው መስመር ላይ መጻፍ ነበረበት። ባለቤቶችም ካፓሲተር የመብራት ሂሳብን በግማሽ ይቀንሳል የሚላቸውን ነጋዴ ባያምኑ ይሻላል። ሞተሩ የሚበላው ኪሎዋት ያው ነው፤ የሚቀንሰው በመጋቢው ኬብል ላይ በሙቀት የሚባክነው ነው፣ እዚህ በ20 በመቶ ገደማ።

ማስተካከያውን የሚሠራ ሰው ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይጠብቅ፤ ከዚያም የካፓሲተሩን ሦስቱንም ጫፎች በቮልት ሜትር ሳይለካ እጁን አያስገባ።