10 ሰዓት ከሩብ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የአዳማ ነፋስ መስኮቱን ሲደበድበው ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። ምክንያቱን የማላውቀው ትካዜ ከጠዋት ጀምሮ ተጭኖኝ ስለዋለ፣ እጄ ሥራ እንዲያገኝ ብዬ የቆመውን የግድግዳ ሰዓት አወረድኩና አዲስ ባትሪ ከተትኩለት። ስልኬ 15:40 ይላል፤ ከዚያ ላይ 6 ቀንሼ ቆጣሪዎቹን 9 ሰዓት ከ40 ላይ ላደርጋቸው ስል እጄ ቆመ። ይህችን ቅነሳ ልጅ ሆኜ ተምሬያታለሁ፤ ለስንቱም ተማሪ አስተምሬያታለሁ። ባለፈው ጥር ግን፣ በምታስፈልግበት በአንዲቱ ቀን፣ አልቀነስኳትም።

ጉዞው የእትዬ ነበር። “ባሕር ሳላይ እንዳልሞት” እያለች የኖረችው እሷ ናት፤ እኔን ለማስተማር በርበሬና ሽሮ ስታዘጋጅ ዕድሜዋን የፈጀችውም እሷ ናት፤ ስለዚህ ዕቁቡ ሲደርሰኝ ሌላ ነገር ላይ ሳላውለው ወደ ዛንዚባር የሁለት ሰው ቲኬት ቆረጥኩ፤ 5 ሌሊት ልናድር። ዝግጅቱን ሁሉ በራሴ ላይ ወሰድኩት። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ ስላለበት፣ ገና ሳይገባ ሁለታችንም ተከተብን። ቲኬቱ ላይ የሰፈረውን ጃንዋሪ 21 ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ፣ ጥር 13 መሆኑንና ጥምቀትን ቤታችን ውለን ለመውጣት እንደሚያመቸን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ከቀኑ አጠገብ የተጻፈውን 10:15 ግን እንዳለ ተቀበልኩት። ቀኑ እንግዳ ስለሆነ መረመርኩት፤ ሰዓቱ ቤተኛ መሰለኝ።

በዋዜማው ማታ እትዬ “ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እንውጣ፤ መንገድ አይታመንም” አለችኝ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ጎሕ ሲቀድ በሚነሣበት ዘመን ያደገች ሰው ናትና፣ ሩቅ መንገድ በጠዋት ካልተጀመረ መንገድ አይመስላትም። እኔም ፈጣን መንገዱን ተማምኜ፣ “በረራው እኮ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ከምትውዪ ቁርስሽን በልተሽ ቡናሽን ጠጥተሽ ትወጫለሽ” አልኳት። አልተከራከረችኝም። እሷ ባለችው ሰዓት ተነሥተን ቢሆን ኖሮ፣ መንገዱ ቢጨናነቅ እንኳ 2 ሰዓት ላይ ቦሌ እንገኝ ነበር፤ አውሮፕላኑ የተነሣው ደግሞ በ4 ሰዓት ከሩብ ነው። ይህን ሒሳብ ከዚያች ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አላውቅም።

ቦሌ የደረስነው 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ 4 ሰዓት ቀድሜ አመጣኋት ብዬም ደስ ብሎኝ ነበር። መንገደኛ የምትቀበለው ወጣት ፓስፖርታችንን አይታ በረራው ጠዋት መውጣቱን ስትነግረኝ፣ ቲኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቴ እያሳየሁ ተሟገትኳት። ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “የኔ እህት፣ ይሄ እኮ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጠረው ነው” አለችኝ። እትዬ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ፣ ሻንጣዋን በአንድ እጇ እንደያዘች ከኋላዬ ቆማለች። “ምን አለች?” ብላ ጠየቀችኝ። ዞሬ ፊቷን አየሁና፣ “ሰዓቱን ለውጠውታል” አልኳት።

ከተፈጠረው ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። አውሮፕላኑ ያመለጠን በስሕተት ነው፤ ይህን ቃል ግን አውቄ ተናገርኩት። የተገኘው ወንበር ጥር 15 ስለነበር፣ የመመለሻውን ቀን ለመግፋት ደግሞ ገንዘቡ ስላልበቃኝ፣ 5ቱ ሌሊት 3 ሆነ።

በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወዳለው ማረፊያ ስንገባ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። በዚያ በኩል ውሃው ሲጎድል አሸዋው እስከ ሩቅ ይገለጣል፤ ሞልቶ ለመመለስም 6 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እትዬ “ባሕሩስ?” አለች። ከዚያም ጥላ ፈልጋ ተቀመጠች፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው የባሕር ሣር የሚያለሙትን ሴቶች እየተመለከተች፣ ውሃው እግሯ ሥር እስኪደርስ ድረስ ከቦታዋ አልተነሣችም።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቁርስ 8:00 ይላል፤ አስተናጋጇ ግን “ሳ ምቢሊ” እያለች ሁለት ጣቷን ታሳየናለች። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው። ከምድር ወገብ እምብዛም ላልራቀ ሕዝብ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ጊዜ ስለምትወጣለት፣ ቀኑን ከእሷ ጋር ቢጀምር የሚያስገርም አይደለም፤ ለእኔ የሚያስገርመኝ ያን ለማየት ባሕር ዳር ድረስ መሄዳችን ነው። ሁለቱም አገሮች ከግሪንዊች 3 ሰዓት ስለሚቀድሙ፣ እትዬ ከአዳማ አስራው የመጣችው የእጅ ሰዓት ሳይነካ ልክ ነበር። ሰዓቷን አየች፤ 2 ይላል። ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። “ወረቀቱ 8 የሚለው 2 ሰዓትን ነው?” አለችኝ። “አዎ” አልኳት። ጥቂት ቆመችና ወደ ቁርሱ ሄደች።

እትዬ ቡና ባፈላች ቁጥር ለጎረቤት ስለ ባሕሩ፣ ስለ ሴቶቹ፣ ስለ አስተናጋጇ ሁለት ጣቶች ሳይቀር ታወራለች፤ ስላመለጠን አውሮፕላን ግን አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። ስንት ቀን ቆያችሁ ሲሏት “3 ሌሊት አደርን” ትላለች፤ 5 እንደነበረ አትናገርም። ያን ጠዋት ገብቷት፣ ስለ እኔ ብላ ትሸፍነኝ ይሆን? ወይስ የነገርኳትን አምናው ነው? ገብቷት ከሆነ፣ አሁን ልናገር ስነሣ ያን ሁሉ ዝምታዋን አፈርስባት ይሆን? እሑድ እሷ ዘንድ ቡና አለ። እኔ ካልጀመርኩት እሷ እንደማትጀምረው አውቃለሁ፤ ግን ከየት ነው የምጀምረው?